ቆርጠናል፣ እያጣራን ነው

በአማርኛ የሚኖር ሰው ቢላዋና መጥረጊያ ከአፉ አይጠፋም። ትኬት ይቆረጣል፣ ደረሰኝ ይቆረጣል፣ ደመወዝ ይቆረጣል፣ ተስፋ ይቆረጣል፣ የሠርግ ቀን ይቆረጣል። ዳኛው ፍርድ ይቆርጣል፤ ልጁ ቁርጥ አባቱን ይመስላል። የችኩል አቋራጭ መንገድ አለ፣ ለእናት በየወሩ የሚላክ ተቆራጭ አለ፣ ያልተባለውን ከተባለው ጋር እየሰፋ ሰው የሚያጣላ ቆርጦ ቀጥል አለ። በጽዳቱ በኩልም አንታማም። እንባ ይጠረጋል፣ መንገድ ይጠረጋል፣ ሒሳብ ይጣራል፣ ወሬ ይጣራል፣ ኩላሊት ይታጠባል፣ ሌባ ቤት ገብቶ ሙልጭ አድርጎ አጽድቶት ይሄዳል። ቋንቋችንን ሊማር የመጣ እንግዳ ይህን ሁሉ ሰምቶ «እንዴት ያለ ቆራጥና ንጹሕ ሕዝብ ነው!» ቢል አይፈረድበትም። እኛ ግን እርስ በርስ እንተዋወቃለን።

እስቲ ደመወዝ የወጣበትን አንድ ቀን እንመልከት። ሰውዬው ደሞዙን ከማየቱ በፊት የሥራ ግብሩ ተቆርጧል። ለጡረታ 7 በመቶ ተቆርጧል፤ አሠሪው በበኩሉ 11 በመቶ እንደሚጨምርለት ቢነገረውም ዓይኑ ያረፈው ከእሱ በተቆረጠው ላይ ነው። ለብድርና ቁጠባው ተቆርጧል። ለአንድ መዋጮ ደግሞ በገዛ ፈቃዱ ተቆርጧል፤ ፈቃዱን የሰጠው መቼ እንደሆነ ባያስታውስም። የተረፈችውን ይዞ ለልጁ ጫማ ሊገዛ ሱቅ ይገባል። ዋጋ ሲጠይቅ ሻጩ መልሶ ይጠይቀዋል፦ «ደረሰኝ ይቆረጥ?»

ተጨማሪ እሴት ታክስ በ1995 ዓ.ም. ሥራ ላይ ከዋለ ወዲህ ይህችን ጥያቄ ያልሰማ ሸማች ያለ አይመስለኝም። ሰውዬው ስለ ሙስና ሲነሣ ጠረጴዛ የሚመታ፣ «ይህችን አገር የበሏት ሌቦች ናቸው» የሚል ሰው ነው። አሁን ግን ግራና ቀኝ ቃኝቶ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፦ «ያለ ደረሰኝስ ስንት ነው?» 15 በመቶዋ በሁለቱ መካከል በፍቅር ትቀራለች። ደመወዙን የቆረጠበትን መንግሥት እያማ የገባው ሰው፣ ደረሰኝ ያልቆረጠለትን ነጋዴ መርቆ ይወጣል።

ከዚያ ቁርጥ ቤት ነው። ደመወዝ የወጣ ዕለት ወንበር አይገኝም፤ የሁዳዴ 55 ቀን በተፈታ ማግስትማ አይወራ። ነጭ ጋወን የለበሰው ቆራጭ ከተሰቀለው ሥጋ ፊት ቆሟል። ፊት ለፊቱ የተደረደረው በላተኛ ሁሉ ሊቅ ነው፦ «ከታናሹ አድርግልኝ»፣ «ሻኛ ጣል አድርግበት»፣ «ኧረ እሱን ተወው፣ ከጎድኑ!» ግማሹ ታናሽና ታላቅን የሚያውቃቸው በስም ብቻ ነው፤ ሥጋ ቁጠር ቢሉት ጣፊያ አንድ ከሚለው ወገን ነው። ቆራጩ አይከራከርም። «ስንት ኪሎ?» ይላል፤ ቢላዋውን ሞረድ ሞረድ ያደርጋል፤ የተጠየቀውንና ያልተጠየቀውን ቀላቅሎ ይመዝንና ቀጣዩን ይጠራል።

ሥጋው ከአዋዜና ከሚጥሚጣ ጋር ሲቀርብ ለየሰዉ አንዳንድ ስለታም ቢላዋ ይታደላል። ቢላዋ የጨበጠ ሰው ደግሞ ከሥጋው አልፎ መቁረጥ ያምረዋል። አንዱ ከመሥሪያ ቤቱ ለመልቀቅ ቆርጧል። ሌላው ሲጋራ ለማቆም ቆርጧል፤ ይህን የሚለው ሲጋራውን እየለኮሰ ነው። ሦስተኛው ከወንድሙ ጋር የውርሱን ነገር በዚህ ሳምንት ቁርጡን ሊያደርገው ነው። ሁለተኛው ኪሎ ሲመጣ የአገሪቱም ቁርጧ እዚያው ጠረጴዛ ላይ ይታወቃል። ሒሳብ ሲመጣ ግን ቆራጡ ሁሉ አንድ ላይ ስልክ ይደወልለታል።

በነጋታው የሚተርፈው ቁርጠት ነው። በዚህ በኩል አያቶቻችን ይሻሉ ነበር። ጥሬ ሥጋ የኮሶ ትል እንደሚያስከትል ስለሚያውቁ መቁረጡንና ማጽዳቱን አብረው ያስቡት ነበር። በየወሩም ሆነ በየሁለት ወሩ የኮሶው አበባ ተወቅጦና ተበጥብጦ፣ ፊት ተጨማዶ ይጠጣል። ኮሶ የጠጣ ሰው ያን ዕለት ደጅ አይወጣም፣ እንግዳ አያስተናግድም፤ የሚቀየመውም የለም። ዛሬ ፕራዚኳንቴል የሚባል ኪኒን ስላለ ምሬቱ ቀርቷል። አብሮ የቀረው ግን የቆረጠ ሰው ማጽዳትም ዕዳው መሆኑን የሚያስታውሰው ነገር ነው።

«ቆርጫለሁ» ወቅትም አለው። ጳጉሜን 3 ቀን ልጅ አዋቂው በሩፋኤል ዝናብ ሰውነቱን ያስመታል፤ የዓመቱ እድፍ በዚያ ታጠበ ማለት ነው። ንጹሑ ሰው መስከረም 1 ቀን ቆርጦ ይነሣል። መጠጥ ሊተው ነው፣ ጫት ሊተው ነው፣ በፌስቡክ ከማያውቀው ሰው ጋር መጨቃጨቅ ሊተው ነው። ይህን በሆዱ ይዞ ቢጀምረው ደግ ነበር፤ እሱ ግን አስቀድሞ ለሚስት፣ ለጎረቤት፣ ለሥራ ባልደረባና ለባለሱቁ ያውጃል። መስቀል ሲደርስ «በዓል ነው ብዬ ነው» ይላል። ጥቅምት ላይ «አልተውኩም፣ ግን ቀንሻለሁ» ይላል። ኅዳር ላይ ደግሞ «ለመቀነስ እያሰብኩ ነው» ይሆናል። በዚያ ቤት የምር የቆረጠ ሰው ካለ ሚስትየዋ ናት፤ እሷ ተስፋ ቆርጣለች።

አደባባይ ሲወጣ ቃሉ ጅራት ያበቅልና «በቁርጠኝነት» ይሆናል። የስብሰባ መዝጊያ ንግግር ያለ እሱ አይዘጋም። ሰብሳቢው መነጽሩን ያስተካክልና «የተጀመረውን አጠናክረን በቁርጠኝነት እናስቀጥላለን» ይላል። ፊት ወንበር የተቀመጠው ይጽፋል፤ ኋላ የተቀመጠው የአበል መፈረሚያው ከየት በኩል እንደሚመጣ ያያል። ምን እንደሚቆረጥ፣ ማን እንደሚቆርጠው፣ በየትኛው ወር እንደሚቆረጥ የሚጠይቅ የለም። ብትጠይቅ «ተስፋ አስቆራጭ» ትባላለህ፤ በዚያ አዳራሽ ቆራጭ የሚለው ስም የሚደርሰው ለጠያቂው ብቻ ነው።

ይህ ልማድ ዛሬ የተጀመረ አይደለም። በ1966 ዓ.ም. አብዮቱ ሲፈነዳ የንጉሡ ሥርዓት «ፈላጭ ቆራጭ» ነው ተብሎ ተወገዘ። ብዙም ሳይቆይ ሊቀ መንበሩ «ቆራጥ» ተባሉ፤ ሬዲዮውም ጋዜጣውም ስለ ቡና ምርት ሲያወራ እንኳ ቆራጡን አመራር ሳያነሣ አያልፍም ነበር። ቆራጩ ወርዶ ቆራጡ ወጣ ማለት ነው፤ የሚቆረጠው ግን ያው ሕዝብ ነበር። ለዓመታት ቆራጥ ሲባሉ የኖሩት መሪ ግንቦት 13 ቀን 1983 ዓ.ም. ትኬት እንኳ ሳይቆርጡ በናይሮቢ በኩል ወደ ዚምባብዌ ሄዱ።

ሌላም ረቂቅ ጥበብ አለን። የመብራት ሒሳብህን ሳትከፍል ብትቀር መብራትህ «ይቆረጣል»። ቆራጩ በሥጋ የሚታይ ሰው ነው፤ ፒንሳ ይዞ በር ያንኳኳል፣ ዕዳህን ከነሳንቲሙ ያውቀዋል። ያለ አንዳች ጥፋትህ ሦስት ቀን በጨለማ ብትቀመጥ ግን መብራቱ «ተቋርጧል»። እዚህ ላይ ቆራጭ የለም። ነገሩ በራሱ ጊዜ፣ በራሱ ፈቃድ የሆነ ነው። ኔትወርክ ይቋረጣል፣ የመንገድ ሥራ «በተለያዩ ምክንያቶች» ይቋረጣል፣ ግማሽ የደረሰ ድልድይ ይቋረጣል። ተበዳዩ ሲያጠፋ ግሡ ባለቤት አለው፤ በዳዩ ሲያጠፋ ግሡ ወላጅ አልባ ይሆናል። ይህን ከላይ ብቻ አንፍረድ፤ ታችም ወርዷል። ከትምህርት ቤት እየቀረ ከረንቡላ ሲመታ የከረመው ጎረምሳ «ትምህርቴን አቋረጥኩ» አይልም፣ «ትምህርቴ ተቋረጠ» ይላል። እናቱም ለጎረቤት የምትናገረው እንደዚያው አድርጋ ነው።

የምንወደውን መቁረጥ ደግሞ ስሙን እንለውጥለታለን። ፀጉር ቤት ገብቶ የወጣ ወንድ «ተስተካከልኩ» ነው የሚለው። ጎንና ጎኑን በማሽን ወደ ዜሮ አስጠግቶ፣ ከላይ ትንሽ አስቀርቶ፣ ማጅራቱን በአልኮል አስጠርጎ፣ መስታወቱን ከኋላ አስይዞ አይቶ፣ ራሱን ነቅንቆ ይወጣል። የተስተካከለው ፀጉሩ ብቻ መሆኑን አምና ያበደረው ጓደኛው ያውቃል።

ወደ መጥረጊያው እንምጣ። የሰፈር ጽዳት ዘመቻ ቅዳሜ ጠዋት ነው። የጽዳት ሠራተኞች መንገዱን ገና ሳይነጋ ጠርገውታል፤ እንግዶች ስለሚመጡ ተጠንቅቀው ነው የጠረጉት። ሦስት ሰዓት ላይ እንግዶቹ ይደርሳሉ። ቲሸርቱ አዲስ ነው፣ ጓንቱ አዲስ ነው፣ የመጥረጊያው እጀታ ገና ከነላስቲኩ ነው። ችግሩ የሚጠረግ ነገር አለመኖሩ ነው። አንድ ብልህ አስተባባሪ ከዛፍ ሥር ቅጠል ያስመጣና መሀል መንገድ ላይ በተን ያደርጋል። ፎቶ አንሺው «አንዴ ወደዚህ ዞር በሉልኝ» ሲል ሁሉም ወደ ካሜራው እያየ ይጠርጋል። ወደ ካሜራ እያየ የሚጠርግ ሰው ደግሞ የሚጠርገው የጎረቤቱን ጫማ ነው። ግማሽ ሰዓት አልፎ የታሸገ ውሃ ይታደላል፣ አጭር ንግግር ይደረጋል፣ መኪኖቹ ይሄዳሉ። ዘመቻው የት ቦታ ላይ እንዳበቃ ማወቅ የፈለገ ሰው መንገዱ ዳር የተጣሉትን ባዶ ሃይላንዶች ተከትሎ መሄድ ነው። ሰኞ ንጋት የሚለቅሟቸው እነዚያው የቅዳሜዎቹ የጽዳት ሠራተኞች ናቸው።

በየቤታችንም የተሻልን አይደለንም። ደጃችንን በየማለዳው እንጠርጋለን፣ ይህ እውነት ነው። የጠረግነው የት ይሄዳል? ግማሹ ከጎረቤት ደጅ ይደርሳል፣ ግማሹ ቱቦ ይገባል። ጎረቤትም በተራዋ ጠርጋ ትመልሰዋለች፤ አንዳንድ የበቆሎ ቆረቆንዳ ከነዋሪው በላይ ሰፈሩን ያውቀዋል። ክረምት ሲገባ ቱቦው ተደፍኖ ጎርፉ አቅጣጫ ይለውጥና ዓመቱን ሙሉ የጠረግነውን ሰብስቦ ሳሎናችን ድረስ ያመጣልናል። ያኔ ደጅ ወጥተን «መንግሥት የለም ወይ?» እንላለን።

ከጽዳት ቃላት ሁሉ ስሙን የካደ ግን «መጸዳጃ ቤት» ነው። በስሙ ከሄድን ሰው ገብቶ ጽድት ብሎ የሚወጣበት ቦታ መሆን ነበረበት። ብዙ ቦታ ግን ስሙን አምኖ የገባ ሰው አፍንጫውን ይዞ ይወጣል። በ2016 ዓ.ም. «ጽዱ ጎዳና፣ ኑሮ በጤና» በሚል መሪ ቃል ለሕዝብ መጸዳጃ ቤቶች ማሠሪያ ገንዘብ ሲሰበሰብ ሕዝቡ በደስታ አዋጣ። ሐሳቡም ደግ ነው። የእኔ ትዝብት ገንዘቡን በስልኩ ላክ አድርጎ፣ ስልኩን ኪሱ ከትቶ፣ ወደ አጥሩ ስለሚጠጋው ወገናችን ነው። አጥሩ ላይ «እዚህ መሽናት ያስቀጣል» የሚል በቀይ ቀለም ተጽፏል። እሱም ጽሑፉን ከዳር እስከ ዳር አንብቦ ይጨርሳል፤ ለማንበቢያ የሚሆን ጊዜ አለው።

ወጣቶቹ ደግሞ ቃሉን ወዲያ ወስደውታል። «ጸዳ ያለ ካፌ»፣ «ጸዳ ያለ ስልክ»፣ «ጸዳ ያለ መኪና» ይባላል። «ጸዳ ያለ ሥራ» ማለት ሥራ የሌለበት፣ ደሞዝ ያለበት ሥራ ነው። «እገሌ ጸዳ ያለ ብር ሠራ» ከተባለም ብሩ ከየት እንደመጣ ባትጠይቅ ይሻልሃል፤ ጸዳ ያለው መጠኑ እንጂ ምንጩ አይደለም። በዚህ በኩል የሕግ ሰዎቻችን ከሁላችንም ይልቅ ለቃል ታምነዋል። ሌላው ዓለም ገንዘብ ማጠብ የሚለውን ወንጀል በ2005 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 780 «ሕጋዊ አስመስሎ ማቅረብ» ብሎታል። ማስመሰል ነው እንጂ የታጠበ ነገር የለም ማለታቸው ነው።

የማጽጃ ቃላት ንጉሥ ግን ማጣራት ነው። መሥሪያ ቤት ሄደህ ፋይልህን ስትጠይቅ «እየተጣራ ነው» ትባላለህ። ይህ መልስ እግዜር ይስጠው፤ መላሹን ከወንበሩ አያስነሣውም፣ ጠያቂውንም ባዶ እጁን አይሸኘውም። በሳምንቱ ትመለሳለህ፤ እየተጣራ ነው። በወሩ ትመለሳለህ፤ ያጣራ የነበረው ሰው ሥልጠና ሄዷል። ነገሩ ጠላ ቢሆን ኖሮ ይሄኔ ኮምጣጤ ሆኖ ነበር። ጉዳዩ ከበድ ያለ እንደሆነ አጣሪ ኮሚቴ ይቋቋማል። ኮሚቴው ከአምስቱ አባላት ሦስቱ ሲሟሉ ይሰበሰባል፤ ሦስቱ ሲሟሉ ደግሞ ማኅተም የያዘው አይኖርም። በመጨረሻ «ክፍተቶች ታይተዋል» የሚል ሪፖርት ይወጣል። ክፍተት ማለት በቢሮ አማርኛ ሰው ያልሠራው ጥፋት ነው። ጠላ የጠመቀች ሴት ብታጣራ አተላውን ለይታ፣ ተሸክማ ወስዳ ትደፋዋለች። ኮሚቴ ሲያጣራ ግን አተላው ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ይቀርና አጣሪዎቹ ይደክማሉ።

ይህ ሁሉ ቃል ሲባክን የሚቆርጡትና የሚያጸዱት ሰዎች ምን ይላሉ? እምብዛም አይናገሩም። የዓውደ ዓመት ዋዜማ ማድ ቤት የገባ ያውቀዋል። እናት ዶሮውን በፈላ ውሃ ነክራ ትነጫለች፣ በእሳት ትለበልባለች፣ ከዚያ ብልት ማውጣት ትጀምራለች። 12 ብልት ነው፤ አንዱ ቢጎድል ወይም መገጣጠሚያውን ስታ አጥንቱን ብትሰብረው አማቷ ባትናገር እንኳ ዓይኗ ይናገራል። ቀጥሎ እጥበቱ ነው። በሎሚና በጨው ታሻለች፣ ውሃውን ትደፋለች፣ ሌላ ትቀዳለች፤ የመጨረሻው ውሃ እንደገባ ኩልል ብሎ እስኪወጣ ድረስ አትተወውም። ጣቶቿ ከሎሚው የተነሣ ይጨማደዳሉ። ስትጨርስ ከአፏ የሚወጣው «በሉ ሽንኩርቱን አምጡ» የሚል ነው። በማግስቱ ፈረሰኛው የሚወጣለት አባወራ ደግሞ እጁን ለመታጠብ እንኳ ማስታጠቢያው እስኪመጣለት ተቀምጦ ይጠብቃል፤ እየጠበቀም ስለ ቁርጠኝነት ያስተምራል።

ቢሮ ውስጥም እንዲሁ ነው። የምታጸዳውን ሴት ስም የሚያውቅ ጥቂት ነው፤ «ጽዳቷን ጥሯት፣ እዚህ ቡና ፈሷል» ነው የምንለው። ቡናውን ያፈሰሰው ሰው በሙሉ ማዕረጉ «ዳይሬክተሩ» ይባላል፤ የጠረገችው በሥራዋ ስም ትጠራለች። እሷ ግን «በቁርጠኝነት አጸዳለሁ» ብላ አታውቅም። ባልዲዋን ታመጣለች፣ ትወለውላለች፣ ትሄዳለች። በነጋታው ጠዋት ወለሉ ንጹሕ ነው።

ከዚህ ሁሉ የምታዘበው አንድ ነገር ነው። በአገራችን ቃሉ ከእጅ በራቀ ቁጥር ይገዝፋል። ቢላዋ የጨበጠው «ስንት ኪሎ?» ብሎ ይቆርጣል፤ ቢላዋ ያልነካው «በቁርጠኝነት» ብሎ ሻይ ይጠጣል። ስለዚህ አንባቢዎቼ፣ ከእንግዲህ «ቆርጠናል» የሚላችሁ ሰው ሲገጥማችሁ ሳታጨበጭቡ በፊት «ምኑን? ማን? በስንተኛው ቀን?» ብላችሁ ጠይቁት። «እየተጣራ ነው» ሲላችሁም የሚያልቅበትን ቀን በወረቀት ላይ አስፍሮ እንዲሰጣችሁ አድርጉ። እናንተም በበኩላችሁ ጫማ ስትገዙ ደረሰኙን አስቆርጡ፤ ደጃችሁን ጠርጋችሁ ስትጨርሱም ቆሻሻውን ከጎረቤት ደጅ ላይ አንሡት።